ሴትነቴ መቼ ጠፋና!

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወዳጄ ከአንድ ስፖርት ቤት የተበተነ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። የሆድ ዳንስ ሊያስተምሩ ነው፤ ለሴቶች ብቻ። በደማቅ ቀለም የታተመው ቃል ግን ስለ ዳንሱ አልነበረም። «የጠፋብሽን ሴትነት በዳንስ አግኚው!» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ልጆች ያሳደግኩ፣ ቀን ሱቅ ማታ ማድ ቤት ስዋትት የኖርኩ ሴት ነኝ። ለመሆኑ ሴትነቴ መቼ ጠፋና ነው አፈላላጊ የሚላክልኝ?

ዳንሱን ጠልቼ አይደለም፤ አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይያዝልኝ። በወጣትነቴ ካይሮ ሰው ቤት ተቀጥሬ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ወንዶቹ ሲወጡ ማዳም ቴፑን ትከፍትና ሻርፕ ዳሌዋ ላይ አስራ ትነሳለች። እህቶቿና ጎረቤቶቿ ያጨበጭባሉ። አሮጊት እናቷ ሳይቀሩ ተነስተው ወገባቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን እኔንም ከማድ ቤት ጎትተው አስገቡኝ። ወገቤ አልታዘዝ ብሎ ትከሻዬ ብቻ በእስክስታ ሲንቀጠቀጥ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለዚያች ሰዓት እመቤትና ገረድ አልነበርንም። ደስታው እውነት ነበር፤ አልክድም።

ኋላ የማዳም ታናሽ እህት ስትዳር ጨፋሪ ተቀጠረች። ባለ ዶቃ ልብሷን ለብሳ ስትገባ እንግዳው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሙሽሮቹ አብረዋት ፎቶግራፍ ተነሱ። ስትጨርስ በጓሮ ክፍል ውሃ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላው ነበር። በዚያው ሌሊት ሌላ ሰርግ ይጠብቃታል። ከእንግዶቹ መካከል ምግብ ቅረቢ ያላት አልነበረም። በማግስቱ ማዳም ስለ እሷ ስታወራ «ልጄ እንደዚያች ከምትሆንብኝ ብትሞት ይሻለኛል» አለች። ሐሙስ ሐሙስ ሳሎኗ ውስጥ የምትጨፍረው ማዳም!

ያን ቀን የገባኝ ነገር ዛሬም አልወጣልኝም። ያቺ ሴት ባለሙያ ነበረች። ሙያዋን ግን የሚያይላት አልነበረም። አንዱ ነውር ሲላት ሌላው «ሴትነት» ይላታል፤ ሠራተኛ ናት የሚል የለም።

ታሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው። ዳንሱ በአረብኛ «ራቅስ ሻርቂ»፣ የምሥራቅ ጭፈራ ይባላል፤ በስሙ ውስጥ ሆድ የሚል ቃል የለም። ሆድን የጨመሩበት ፈረንሳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1893 የቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ደግሞ ስሙን በአሜሪካ አስተጋባው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1834፣ መሐመድ አሊ ፓሻ ጨፋሪ ሴቶችን ከካይሮ አስወጥቶ ወደ ላይኛው ግብፅ አጋዛቸው። ታዲያ ጭፈራው ቆመ? አልቆመም! ቀድሞም የነበሩት፣ እንደ ሴት የሚያጌጡት ወንድ ጨፋሪዎች ገበያው ደራላቸው። እንግዲህ ይህ ዳንስ ከማኅፀን የሚፈልቅ የሴትነት ምሥጢር ከሆነ እነዚያ ወንዶች ከየት አመጡት? ተምረውት ነዋ! ሙያ ይለመዳል።

ባዲያ ማሳብኒ እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ላይ የከፈተችው ቤትም ሙያ የሚለመድበት ቤት ነበር። ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል ከዚያ ወጥተው የግብፅ ሲኒማ ኮከቦች ሆነዋል። ታሂያ በ1950ዎቹ በፖለቲካ አቋሟ ወህኒ የወረደች ሴት ናት። ከቤተሰቧ ሸሽታ ካይሮ የገባችው ሴትነት ጠፍቶባት አልነበረም፤ በሰውነቷ ሙያ ኖራ፣ በአንደበቷ ደግሞ ያመነችበትን ተናግራ ያለፈች ናት።

«ገላዋን የምታፍር ሴት በዚህ ብትፈታ ምን ክፋት አለው?» የሚለኝ ይኖራል። ምንም ክፋት የለውም! ትጨፍር፤ ወገቧም ልቧም ይፍታታ። ክፋቱ ከዳንሱ ጋር ተጠቅልሎ የሚሸጠው ወሬ ላይ ነው። ሴቲቱ የደከመችው የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ስለ ተሸከመች ነው። ባሏ ድስት አይጥድም፤ ልጅ ሲያመው ከሥራ የምትቀረው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ትተው «ሴትነትሽ ጠፍቶ ነው» ይሏታል። ሸክሙ ሳያንስ ጥፋቱም የእሷ ሆነ ማለት ነው!

ደግሞ ይህች «ሴትነት» የምትባል ቃል ለኔ አዲስ አይደለችም። ልጅ ሆኜ ጮክ ብዬ ስስቅ «ሴትነትሽን ጠብቂ» እባል ነበር። ዛሬ ደግሞ «ሴትነትሽን ፈልጊ» ተባልኩ። አንዱ ገላሽን ሸፍኚው ይላል፤ ሌላው ነቅንቂው ይላል። ሁለቱም ሴትነቴን ገላዬ ላይ አስቀምጠው ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው ባዮች ናቸው።

በግብፆች ብቻ እንዳልፈርድ ደግሞ የኛው ጉድ ይይዘኛል። እኛስ ዘፈኑን ወድደን አዝማሪውን ስንንቅ አልኖርንምን? ሰርጋችንን ላደመቀችልን ልጅ ብር ግንባሯ ላይ ለጥፈን፣ ለልጃችን ትታጭ ሲባል ፊታችንን የምናዞር ስንቶች ነን? እስክስታችንን ወንዱም ሴቱም ይመታዋል፤ ከጾታው ጋር ሊታረቅ ነው ያለው ግን አልሰማሁም። ደስ ስላለው ነው የሚመታው። የሆድ ዳንሱንም እንዲሁ ብንተወው ምን ነበረበት?

ለወዳጄ እንግዲህ እሄዳለሁ ብያታለሁ። ወገቤ ያኔ ያልታዘዘኝን ዛሬ ይታዘዘኝ እንደሆነ ልሞክረው። የምታስተምረንን ልጅ ግን አስቀድሜ ጉልበቷን ያማት እንደሆነ፣ ደመወዟስ በወቅቱ ይከፈላት እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ሴትነቴን ማንም እንዳይፈልግልኝ። እሱ አብሮኝ ነው የሚሄደው።