ላሟ ሳትነጥፍ

የዐረብ አገር ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ነው። እኅት ሪያድ፣ የአክስት ልጅ ጅዳ ያላት ቤት ስንት ናት! ያ ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ከነዳጅ ጉድጓድ የሚቀዳ መሆኑን ግን እምብዛም አናነሳውም።

ባለጉድጓዶቹ ማሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል። በ2014 (እ.አ.አ.) አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ ሳዑዲ ዐረቢያ ደነገጠች። በዚያው ዓመት «ራዕይ 2030» የተባለውን ዕቅድ አውጥታ ከነዳጅ ጥገኝነት እላቀቃለሁ አለች።

ለባሕረ ሰላጤው ይህ የመጀመሪያው ድንጋጤ አይደለም። ከነዳጅ በፊት የኩዌትና የባሕሬን ሰው የሚኖረው ባሕር ጠልቆ ዕንቁ በመልቀም ነበር። ጃፓኖች ዕንቁን እንደ ዶሮ ማርባት ሲጀምሩ ንግዱ በ1930ዎቹ ተንኮታኮተ። ባሕሬን በ1932፣ ሳዑዲ በ1938 ነዳጅ አገኙ። ያኔ ያዳናቸው ዕድል እንጂ ዕቅድ አልነበረም።

ያለ ነዳጅ መኖር ይቻላል የሚል ሁሉ ዱባይን ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ ዱባይ በወደብ፣ በአውሮፕላን፣ በቱሪስትና በቤት ሽያጭ ትኖራለች። በ2009 ዕዳ አንገቷን ሲያንቃት ግን ማን ደረሰላት? ጎረቤቷ አቡዳቢ፣ 10 ቢሊዮን ዶላር ይዛ፤ ያውም የነዳጅ ገንዘብ። በጥር 2010 «ቡርጅ ዱባይ» ሲባል የከረመው የዓለም ረጅሙ ፎቅ በተመረቀበት ቀን በአቡዳቢው ገዢ ስም «ቡርጅ ኸሊፋ» ተባለ። ስም ማውጣት የአበዳሪ ነው እንግዲህ!

ወደ ሳዑዲ እንመለስ፤ እኛን የሚነካን እዚያ ነውና። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ ቤተሰቡ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉትን አንድ መካኒክ እናስብ። በዓመት 19,200 ሪያል፣ ማለት ከ5,000 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ብዙዎች ቤተሰባቸውን ሸኝተው ብቻቸውን ቀሩ። በ2018 5 በመቶ ሆኖ የገባው የሽያጭ ታክስ በ2020 15 በመቶ ሆነ። በ2016 የሞባይል ሱቅ ሥራ ለዜጋ ብቻ ተባለ፤ በ2018 የልብስና የቤት ዕቃ ሱቆች ተከተሉ።

ይህን ስል ሳዑዲዎቹን ልረግም አይደለም። ለገዛ ወጣቱ ሥራ የሚፈልግ መንግሥት አይወቀስም፤ የእኛው ቢያደርገው እናጨበጭብ ነበር። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ፣ በርሜሉ 100 ዶላር እያወጣ ሳለ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ወገኖቻችን ተጠርዘው ወጥተዋል። በጥጋቡ ዘመን እንዲህ ከሆነ በቁጠባው ዘመን ምን ሊሆን ነው?

ዜጋ የማይሻማን ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የቤት ሠራተኝነት። እንዲያውም ከ2017 ወዲህ ወደ ሥራ የወጡት የሳዑዲ ሴቶች ቁጥር እጅግ ጨምሯል። እነሱ ቢሮና ሱቅ ሲውሉ ልጁን የሚይዝ፣ ድስቱን የሚጥድ ሰው ያስፈልጋል። መካኒኩ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አገር ቤት ሲሸኝ፣ በዚያው አውሮፕላን መልስ ጉዞ የምትሳፈረው እኅታችን ናት።