በቅጽበት ውስጥ ያለ ቅጽበት
የአዘጋጁ ማስታወሻ



ለእኛ የዐይን ጥቅሻ፣ ለሞለኪውል ዘመን ነው። በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ አቶሞች የሚላቀቁትና የሚጣመሩት በፌምቶ ሰከንዶች ነው፤ አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን፣ ድርሻውም እንደገና ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኝ ጊዜ።

ግብፅ ተወልደው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመራመሩት ኬሚስት ፕሮፌሰር አሕመድ ዘዌይል ይህን ሩጫ በብርሃን ተከታተሉት። የመጀመሪያው የሌዘር ምት ለውጡን ያስጀምራል፤ ጥቂት ዘግይቶ የሚከተለው ሁለተኛው ምት ሞለኪውሎቹ የደረሱበትን ይመረምራል። የመዘግየቱን ልክ እየለዋወጡ ሲደጋግሙት የለውጡ ሂደት እንደ ፊልም ይገጣጠማል። ሥራቸው በ1999 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ይህን እትም ለሞለኪውላዊ ስፔክትሮስኮፒ የሰጠነው፣ ይህ ቁስን በብርሃን የመጠየቅ ጥበብ የብዙ ወጣቶችን ልብ እንዲያነሣሣ ከልብ ስለምንመኝ ነው።