ፍርድ ገበያ ሲወጣ

ነጋዴ ሲዋዋል ሁለት ነገር ይገምታል። አንደኛው የሚዋዋለው ሰው ቃሉን ይጠብቃል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን ያጠፈ እንደሆነ የሚያስገድድልኝ ዳኛ አለ ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያስበዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ነገር ከተበላሸ፣ ጠበቃ ከተያዘና የችሎት ደጅ ከተጠና በኋላ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሁለተኛ ግምት ነው። ምሳሌ ያደረግናቸውም ዳኛን እንደ አገረ ገዥ በሕዝብ ድምፅ የሚመርጡትን የአሜሪካ ግዛቶች ነው።

የሩቅ አገር ወሬ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። ቡናችንን የሚገዛን ወይም ማሽን የሚሸጥልን የአሜሪካ ኩባንያ የሚያቀርበው ውል መጨረሻው አካባቢ፣ ክርክር ቢነሳ በእገሌ ግዛት ሕግና ፍርድ ቤት ይታያል የሚል አንቀጽ አያጣም። እዚያው ዜግነት አግኝተው፣ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየምርጫው ይህ ረጅም የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጣቸዋል።

ወረቀቱ ምን ያህል ረጅም ነው? ቴክሳስን እንመልከት። በመላው ግዛት ድምፅ የሚሰጥባቸው ሹመቶች አገረ ገዥው፣ ምክትሉ፣ ዋናው ዐቃቤ ሕግ፣ ግብር የሚሰበስበውና የግዛቱን ሒሳብ የሚይዘው ሹም፣ የመሬት ኮሚሽነሩና የግብርና ኮሚሽነሩ ናቸው። በዚህ ላይ ሦስት የባቡር ኮሚሽነሮች አሉ። ስማቸው ባቡር ይሁን እንጂ ዛሬ የሚቆጣጠሩት ነዳጅና ጋዝ ነው። 31 የላይኛውና 150 የታችኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በየወረዳቸው ይመረጣሉ። ይህ ሁሉ አልፎ ዳኞቹ ይመጣሉ። የፍትሐ ብሔሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9፣ የወንጀሉ የበላይ ችሎት 9 ዳኞች አሏቸው። ሁሉም በፓርቲ ስም ተወዳድረው ለስድስት ዓመት ይመረጣሉ። ከዚያ በታች ያሉትን የየአካባቢውን ዳኞች ቆጥረን አንጨርሳቸውም።

አገረ ገዥና የምክር ቤት አባል በሕዝብ መመረጣቸው ትክክል ነው። አገረ ገዥ መንገድ እሠራለሁ ብሎ ተመርጦ መንገድ ቢሠራ እሰየው ነው። የምክር ቤት አባል ግብር እቀንሳለሁ ብሎ ገብቶ ግብር እንዲቀነስ ድምፅ ቢሰጥ ቃሉን ጠበቀ ይባላል። ለመረጠው ወገን ማድላት ሥራው ነው። ዳኛ ግን «ብትመርጡኝ እንዲህ እፈርዳለሁ» ያለ ዕለት ዳኝነቱ ያበቃል። የሦስቱ ወንበሮች ልዩነት ይኸው ነው። ሁለቱ ውለታ ይከፍሉበታል፤ ሦስተኛው ውለታ የማያውቅ ሰው ሊቀመጥበት ይገባል።

ታዲያ አሜሪካኖቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? አይደለም። ዳኛን መምረጥ የጀመሩት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው። ሚሲሲፒ ዳኞቿን በሙሉ በሕዝብ ምርጫ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው፤ ኒውዮርክ በ1846 ተከተለች። በዚያን ዘመን ዳኝነት የአገረ ገዥዎችና የምክር ቤት ሰዎች ለወዳጅ ዘመድ የሚሰጡት ስጦታ እየሆነ ሄዶ ነበር። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለው ዓይነት ሹመት ማለት ነው። በ1837 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ደግሞ ለቦይና ለባንክ ብለው ከአቅም በላይ የተበደሩትን ግዛቶች ሲያናጋቸው፣ ሕዝቡ ምክር ቤቶቹን የሚገታ፣ ለሹማምንት የማይታዘዝ ዳኛ ፈለገ። ምርጫው የመጣው ዳኛን ከጌታ ለማላቀቅ ነበር። ዛሬም 38 ያህል ግዛቶች ለከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው በአንድ ወይም በሌላ መልክ ድምፅ ያሰጣሉ።

ችግሩ ምርጫ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የዳኛ ምርጫ ለተራው ሰው ስሜት አይሰጠውም፤ የዕጩዎቹን ስም እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሚያውቃቸው ችሎት ፊት የሚቆመው ጠበቃና ጉዳይ ያለው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚመጣው ፍርዱን ከሚጠብቁት ሰዎች ኪስ ይሆናል።

ለዚህ የታወቀ ምስክር የፔንዞይልና የቴክሳኮ ክርክር ነው። ፔንዞይል ጌቲ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ ለመግዛት ከስምምነት ደርሶ ሳለ ቴክሳኮ ገብቶ ወሰደብኝ ሲል ሂዩስተን ላይ ከሰሰ። በ1985 ጁሪው ቴክሳኮ 10.53 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። በ1987 ቴክሳኮ የኪሳራ ከለላ እስከመጠየቅ ደርሶ በመጨረሻ በ3 ቢሊዮን ዶላር ታረቀ። ጉዳዩን መጀመሪያ ይመራ ለነበረው ዳኛ የከሳሹ ጠበቃ 10 ሺህ ዶላር ለምርጫ ዘመቻው ሰጥቶ ነበር። ቴክሳኮ ዳኛው ይነሳልኝ ቢልም አቤቱታው ውድቅ ሆነ። የተሠራ ሕገ ወጥ ነገር የለም፤ የግዛቱ ሕግ ያን ጊዜ ይፈቅድ ነበር። ይሁንና 10 ቢሊዮን ዶላር የተፈረደበት ወገን እንዲህ ያለውን ነገር እያወቀ «በሕግ ተሸነፍኩ» ብሎ ይቀበላል?

ከዚህ የባሰው የዌስት ቨርጂኒያው ነው። በ2002 አንድ ጁሪ ማሲ የተባለው የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ውል በማፍረስ ሌላውን አነስተኛ ኩባንያ አክስሯል ብሎ 50 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። ይግባኙ ወደ ግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት ማምራቱ አይቀርም ነበር። በ2004 ለዚያ ፍርድ ቤት አንድ ወንበር ምርጫ ተደረገ። የማሲ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶን ብላንከንሺፕ ብሬንት ቤንጃሚን የተባሉትን ዕጩ ለማስመረጥ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጡ። ሌሎቹ ደጋፊዎች ሁሉ ተደምረው ያን ያህል አላወጡም። ቤንጃሚን አሸነፉ። ጉዳዩ ሲቀርብ ይነሱልን ቢባሉ እምቢ አሉ፤ በ2007ም ፍርዱ 3 ለ 2 ተሻረ። ከሻሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2009 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ዳኛው መነሳት ነበረባቸው አለ። ጉቦ ተቀብለዋል አላለም። ባለጉዳይ የራሱን ዳኛ እስኪመርጥ ድረስ ገንዘብ ሲያፈስ የአድልዎው ሥጋት ከልክ ያልፋል ነው ያለው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉዳዩ ቤንጃሚን በሌሉበት እንደገና ታየና ማሲ እንደገና ረታ፤ ያውም 4 ለ 1። ምክንያቱ በውሉ ውስጥ ክርክር ቢነሳ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ይታያል የሚል አንቀጽ መኖሩ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ ከመጀመሪያው ከማሲ ጋር ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን 3 ሚሊዮኑ ዶላር ከወጣ በኋላ ይህን ማን ያምናል? የተረታው ተዘረፍኩ ይላል፤ የረታውም በእውነት መርታቱን ለማንም ማስረዳት አይችልም። ዳኛን በገንዘብ ያስመረጠ ሰው እውነተኛ ፍርድ እንኳ ቢያገኝ የተገዛ ዕቃ መስሎ ይቀራል። ለገበያ ከዚህ የበለጠ ጉዳት የለም። ግዛቱ ከ2016 ጀምሮ ዳኞች በፓርቲ ስም እንዳይወዳደሩ አደረገ፤ ምርጫው ግን ቀጥሏል።

በዊስኮንሲን የታየው ደግሞ ይህን ሁሉ የሳንቲም ጨዋታ ያስመስለዋል። በኤፕሪል 2025 ለአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ሱዛን ክራውፎርድና ብራድ ሺመል ሲወዳደሩ በሁለቱም በኩል የወጣው ገንዘብ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ኢሎን መስክና የሚደግፏቸው ቡድኖች ለሺመል ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። የመስክ ኩባንያ ቴስላ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ፣ አምራቾች የራሳቸው መሸጫ እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ በመቃወም ግዛቱን ከስሶ ነበር። በክራውፎርድ በኩልም እነ ጆርጅ ሶሮስና የኢሊኖይ አገረ ገዥ ፕሪትዝከር ለግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ገንዘብ ሰጥተዋል። ክራውፎርድ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ገንዘብ ሁልጊዜ አያሸንፍም ማለት ነው። ግን ጥያቄው ማን አሸነፈ ሳይሆን ያሸነፈው ሰው ውለታው የማን ነው የሚለው ነው። በኛ አገር «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» የሚባል ተረት አለ። ሐቀኛ ዳኛ ያጎረሰውን እጅ ለመንከስ የሚደፍር ነው። ታዲያ ብዙ የሚያጎርስ ሰው ሊነከስ ብሎ ነው የሚያጎርሰው?

ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ኩባንያቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ ማየት ይበጃል። ከ500ዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተመዘገቡት በትንሿ ደላዌር ነው። ደላዌር ዳኛ አትመርጥም። አገረ ገዥው ያቀርባል፣ የላይኛው ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ዘመኑ 12 ዓመት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ከጠባብ ብልጫ አልፈው ወንበሩን እንዳይሞሉት ይደነግጋል። ሁሉን የምትመርጠው ቴክሳስም በ2024 ለትላልቅ የንግድ ክርክሮች ልዩ ፍርድ ቤት ስታቋቁም ዳኞቹ በአገረ ገዥው እንዲሾሙ አደረገች። ለንግድ ሲሆን ምርጫው እንደማያዋጣ መመስከሯ ይመስላል።

«እንግዲያው ሹመት ይሻላል» ብሎ የሚቸኩል ሰው ቢኖር ግን እንቆም ዘንድ እንለምነዋለን። የቴክሳስ የንግድ ዳኞች ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና መሾም ያለበት ዳኛ ዓይኑ ከአገረ ገዥው ደጅ አይነቀልም። በምርጫ የመጣው ለጋሹን፣ በሹመት የመጣው ሿሚውን ከፈራ «እከክልኝ ልከክልህ» ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ይህን በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ ቀን መንገድ ሊያዩት ይችላሉ። በቨርጂኒያ ዳኛን የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ወንዙን ተሻግሮ በከተማይቱ በዋሽንግተን ፕሬዚዳንቱ አቅርበው የአሜሪካ ሴኔት ያጸድቃል፤ ዘመኑም 15 ዓመት ነው። ሜሪላንድ ሲገቡ ደግሞ የበላይ ዳኞችን አገረ ገዥው ይሾማል፣ ሕዝቡ በኋላ ይቆይ አይቆይ ብሎ ለ10 ዓመት ድምፁን ይሰጣል። ሦስቱም መንገድ ደግ ዳኛም ክፉ ዳኛም ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ነጋዴ ስለ ዳኛው ሊጠይቅ የሚገባው በየትኛው በር ገባ የሚለውን ብቻ አይደለም። ወንበሩ ላይ ለመቆየት የማን ፈቃድ ያስፈልገዋል? ዘመኑ ውለታን ለመርሳት የሚበቃ ረጅም ነው? ከባለጉዳዩ ጋር የጥቅም ትስስር ሲኖረው ይነሳልኝ የሚለውን አቤቱታ የሚወስነው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው አገር፣ ዳኛውን ቢመርጥም ቢሾምም፣ ውሉ ይከበራል።

ጥያቄው ወደኛም ይመጣል። በኛ ሕገ መንግሥት መሠረት የክልል መራጭ ድምፅ የሚሰጠው ለምክር ቤት አባል ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ሲሆን ዳኞችንም ምክር ቤቱ ይሾማል። አንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለፈቃዱ እንደማይነሳ፣ የሚነሳውም በዲስፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው መሆኑን ይናገራል። በጽሑፍ ደረጃ ከብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የጠነከረ ከለላ ነው። ነገር ግን ከለላ በጽሑፍ ብቻ ገበያ አያቆምም። ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ተከራካሪ ሲሆን ዳኛው ያለ ፍርሃት ሲፈርድ ነጋዴው በዓይኑ ማየት አለበት። ያን ካላየ ከማያውቀው ሰው ጋር አይዋዋልም፤ ከዘመዱና ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ይነግዳል፣ ንግዱም በዘመድ ልክ ይቀራል።

ለጊዜው ግን እያንዳንዱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከአሜሪካ ኩባንያ ጋር የሚዋዋል ነጋዴ ዋጋውንና የመላኪያ ቀኑን ካየ በኋላ ስለ ዳኝነት የሚናገረውን አንቀጽ ሳያነብ አይፈርም። የዌስት ቨርጂኒያው ባለ 50 ሚሊዮን የወደቀው በዚያች አንቀጽ ነው። እዚያ የሚኖረው ወገናችንም ድምፅ መስጫው ክፍል ሲገባ አገረ ገዥውን መርጦ አይውጣ። ወረቀቱን እስከ ታች ይውረድ። ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈው ስም አንድ ቀን የሱቁን የኪራይ ውል ይዞ የሚፈርድለት ወይም የሚፈርድበት ሰው ነውና።