«የዘመኑ ልጆች» በተባሉት ላይ ስለሚሰጠው ፍርድ

አባት ልጁን መገሠጹ የተገባ ሥራ ነው፤ ነገር ግን መገሠጽ ሌላ፥ ሳይመረምሩ መፍረድም ሌላ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባሉት የጎጃም ደጋ አገሮች፥ በደጀ ሰላምም ሆነ በለቅሶ ቤት፥ የሚሰማው ነቀፋ አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም የዘመኑ ልጅ እርሻ ጠላ፥ ከተማ ወደደ፥ ሥራ ናቀ የሚል ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውም ተረት ይጨመርበታል።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1981 እስከ 1996 የተወለዱት «ሚሊኒያል» የሚል ስም ወጥቶላቸው፥ ራሳቸውን ብቻ የሚወዱ ናቸው ተባለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2015 ቢጠይቃቸው፥ ስሙን የተቀበሉት ከመቶው 40 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፥ ትውልዳችን ራሱን ብቻ ይወዳል ያሉት ግን 59 ሆኑ። ከዚህ እንደሚታየው ሰው ስሙን ቢጠላም ነቀፋው ወደ ልቡ ይገባል።

በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይህ ዘመን ከ1973 እስከ 1988 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጎጃም በዚያ ጊዜ የተወለዱት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ግን አሁንም «ልጆች» ይባላሉ። ምክንያቱን ለማወቅ የመሬቱን መዝገብ መግለጥ ይበቃል። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት በጎጃም የገጠሩን መሬት እንደገና ሲያደላድል፥ ከእነዚህ ሰዎች ከፊሎቹ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ፥ ከፊሎቹም ከብት የሚጠብቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጠቅላላ ድልድል አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬትን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳለው ቢደነግግም፥ መሬቱ አስቀድሞ ተይዞ ስለ ነበር የቀራቸው ውርስ መጠበቅ፥ የሰው መሬት በእኩል ማረስ፥ ወይም መሰደድ ነው። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነውና፥ አምስት ወንድማማች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ጥማድ እንኳ አይሞላለትም። እንግዲህ እርሻ ጠላ የተባለው እርሻ ያልደረሰው ሰው ነው።

በትምህርትም በኩል የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተስፋው ታላቅ ነበር። ብዙዎች ተማሩ፤ የመንግሥት ሥራ ግን ለሁሉ አልበቃም። ዲግሪውን ይዞ በከተማ ጎዳና ላይ የኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርበው ወጣትም መሣቂያ ሆነ። ሥራ ናቀ ብለው የነቀፉት፥ ሥራ ሳይንቅ በተገኘ ጊዜ ሣቁበት።

ሽማግሌዎቹም ስም ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በዚያው በ1989ኙ ድልድል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉት ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው፥ ከሌላው ገበሬ ያነሰ መሬት እንዲቀርላቸው ተደርጓል። በጅምላ የተሰጠ ስም ያን ጊዜ መሬት ቈረጠ፤ ዛሬም ተስፋ ይቈርጣል።

ካህናትም የራሳቸውን ልጅነት ቢያስቡ መልካም ነው። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ከተማሩት ውስጥ ከብቱን ጥሎ፥ ከወላጆቹ ተሰውሮ፥ አኩፋዳውን ይዞ የሄደው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ኰብላይ የተባለው ኋላ መምህር ተብሎ ተከበረ። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ አዲሱ ትምህርት ቢሻገሩ አገር ተጠቀመ እንጂ አልተጐዳም። መጽሐፈ መክብብም የቀድሞው ዘመን ከዛሬው ስለ ምን ተሻለ ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ጥያቄህ ከጥበብ አይደለም ሲል ይመልስለታል።

ስለዚህ ሹማምንት በየቀበሌው መሬት የሌለውን ጎልማሳ ቈጥረው፥ በምን እንደሚኖር አውቀው፥ ብድርና የሥራ ቦታ በዚያ መጠን ሊያዘጋጁ ይገባል። ካህናትም ትውልዱን በጅምላ ከመንቀፍ የንስሐ ልጃቸውን ችግር ለይተው ይጠይቁ። ጎልማሶቹም በበኩላቸው አባቶቻቸውን ሁሉ «መሬት የያዙብን» ብለው በአንድ ስም አይጥሩ፤ አባትም የያዘው ለልጆቹ የማይበቃ ቍራሽ ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ታናናሾች አሉ። ለእነርሱም «ያልተማረ ትውልድ» የሚል ስም ከመውጣቱ በፊት የቀረባቸውን ትምህርት መመለስ ይቀድማል።