ሲበላ የሚያጉረመርም ውሻ

ፋሲካ ሲደርስ እናንተ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሥጋ ስታዩ፣ ቡቺም አጥንት ያያል፤ በጾመኛ ቤት ውሻውም አብሮ ጾሞ ነው የሚከርመው። ግቢው በዘመድ ልጆች ተሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቻችሁ ጋር ሲላፋ የኖረው ውሻ አጥንቱን በፊት እግሮቹ አቅፎ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ያጉረመርማል።

በብዙ ቤት ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። «በባለቤቱ ላይ?» ተብሎ ዱላ ይቀምሳል። ደፈር ያለው አባወራ ደግሞ «ይልመድ» እያለ ሳህኑን ከአፉ ሥር ይነጥቀዋል። ሁለቱም ለውሻው የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ስትበላ ሰው ከቀረበህ ልትቀማ ነው። የፈራውም ይኸንኑ ነበር። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ልጅ ላለበት ቤት ከዚህ የከፋ የለም።

እንግዳ በሚበዛበት ቀን ለማስተማር አትሞክሩ። ምግቡን ጓሮ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ በር ዘግታችሁ ስጡት፤ ጨርሶ ሳህኑን ትቶ እስኪሄድ ማንም አይግባ። (የተቀቀለ አጥንት ግን ይቅርበት፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።)

ትምህርቱ ቤቱ ሲረጋጋ ይጀመራል፤ ሥራውም የአዋቂ ነው፣ የልጅ አይደለም። ሲበላ ሳይረበሽ ከሚያያችሁ ርቀት ላይ ቁሙ። አምስት እርምጃም ይሁን ስምንት፣ የሚወስነው ውሻው ነው። ሳህኑ ውስጥ ካለው የሚበልጥበትን ነገር፣ ለምሳሌ ቁራጭ ሥጋ፣ ወርውሩለትና ዞር በሉ። በቃ። በየዕለቱ እንዲህ ካደረጋችሁ፣ ስትመጡ አንገቱን ቀና አድርጎ ጭራውን እየቆላ የሚጠብቅበት ቀን ይመጣል። ያኔ አንድ እርምጃ ቅረቡ። ሰውነቱ ድርቅ ካለ፣ አበላሉ ከፈጠነ፣ ወይም ሳህኑ ላይ እንደተደፋ የዓይኑን ነጭ እያሳየ በጎን ካያችሁ ቸኩላችኋልና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጫማ ወይም የልጅ መጫወቻ ይዞ አልለቅም ሲልም መታገል አያስፈልግም፤ በሥጋ ለውጡት።

በብዙዎቻችን ቤት ውሻውን የሚመግበው ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። እናንተ ሥጋ እየወረወራችሁ ሌላው ሳህኑን በእግሩ የሚገፋ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነውና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት እንዲህ ከሆነ ጥርሱን ወይም ሌላ አካሉን አሞት ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሰው ነክሶ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በጊዜ ከተጀመረ ያድናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።