ዐመፅና ክህደት አንድ አይደሉም

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ከልባችን ገና አልወጣም። እኛ በምንኖርበት በአይከል ከተማ አንድ ሰው የሹሙን ሥራ በነቀፈ ጊዜ «አገሩን የከዳ» ይባላል፤ ሹሙም ትእዛዝ በፈጸመ ጊዜ «ባንዳ» ይባላል። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል እንላለን።

ዐመፅ በገዥ ላይ መነሣት ወይም ሌላውን ማነሣሣት ነው፤ ክህደት ግን አገርን ለባዕድ ጠላት አሳልፎ መስጠት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ የጦር መሣሪያ ይዞ ማመፅን በአንቀጽ 240፥ ከፍተኛ ክህደትን በአንቀጽ 248 ለየብቻ ደንግጓል።

ከጎረቤታችን ከቋራ የተነሡት ካሣ ኀይሉ ሸፍተው ገዦቻቸውን ተዋጉ፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ዛሬ በዚህ ምክንያት ከሃዲ የሚላቸው የለም። ኢጣልያም አገራችንን በያዘችበት ዘመን አርበኞቹን «ሽፍታ» ትላቸው ነበር። በገዥው ዓይን ዐመፀኞች፥ ለአገራቸው ግን የታመኑ ነበሩ። አገሩን የካደው ለዚያ ገዥ የታዘዘው ባንዳ ነው። እንግዲህ ለገዥ መታዘዝና ለአገር መታመን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ይህ ሚዛን ሲዛባ ምን እንደሚሆን ታሪካችን ያሳያል። ደጃዝማች ኀይለ ሥላሴ ጉግሣ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ለኢጣልያ ገቡ፤ ከነጻነት በኋላ ሞት ቢፈረድባቸውም ቅጣታቸው ወደ እስራት ተለወጠ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን በጎጃም ጠላትን በዱር በገደል ሲዋጉ ኖረው፥ በመንግሥት ላይ ዐምፀዋል ተብለው በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ከሃዲው በሕይወት ኖረ፤ አርበኛው በገመድ ሞተ።

ዐመፅ አይጎዳም አንልም፤ ቤት ያቃጥላል፥ መንገድ ይዘጋል፥ ልጅ ያለ አባት ያስቀራል። ስለዚህ በሕግ ይጠየቅ፤ ነገር ግን በገዛ ስሙ ይጠየቅ። ነቀፌታ ብቻማ ዐመፅ እንኳ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በጭልጋ ምድር የጎረቤታሞች ደም ሲፈስ ያየን ሰዎች፥ «ከሃዲ» የሚለው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ይህ ስም የወጣለትን ሰው ማንም ያለ ፍርድ ሊገድለው የተፈቀደ ይመስለዋልና።

ስለዚህ ሹሙ ክስ ከመጻፉ፥ መምህሩ ከማስተማሩ፥ ተማሪውም ከመፎከሩ በፊት «ይህ ሰው አገሩን ለየትኛው ጠላት ሰጠ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣ፥ ቃሉን ወደ አፉ ይመልስ።