የደም ካሳና የመኪና መድን

 

በዚህ ወር ዓምዳችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እርሱም መኪና ሰው ሲገጭ ስለሚከፈለው ካሳና ባለመኪናው ሰሌዳ ለማውጣትም ሆነ ቦሎ ለማደስ ሲሄድ ስለሚጠየቀው የሦስተኛ ወገን መድን ነው።

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። በገበያ ቀን እግረኛው፣ ጭነት የተሸከመው አህያ፣ አይሱዙውና ባጃጁ አንድ ላይ ይጓዙበታል። የጉና ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን እንኳ ለማየት ይቸገራል። እንዲህ ባለ ስፍራ አደጋ ሲደርስ ምን እናደርጋለን?

ልማዳችን ሽማግሌ መላክ ነው። የሹፌሩ ወገኖች የተጎጂውን ቤተሰብ እግር ይዘው ይለምናሉ፤ ለሕክምና ወይም ለሰደቃ የሚሆን ገንዘብ ይቆረጣል፤ «ከእንግዲህ አንካሰስም» ተብሎ ይፈረማል። ዕርቅ ዲናችን የሚወደው፣ ደም የሚያደርቅ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው በገንዘቡ ላይ ነው። የሚቆረጠው ካሳ በጉዳቱ ልክ ሳይሆን በሹፌሩ ኪስ ልክ ይሆናል። ፖሊስ ስላልተጠራ ማስረጃ የለም። የተሰበረው እግር ከወራት በኋላ ሲብስ፣ ወይም የሟች ልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ በእጅ የቀረው የዕርቁ ወረቀት ብቻ ነው። ባለመኪናው በየዓመቱ የከፈለበት መድን ግን ሳይነካ ይቀራል።

ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ይገባናል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁንና ኃላፊ መሆን አንድ ነገር ነው፤ የሚከፍለው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። አንድ ባጃጅ ብቻ ያለው ወጣት ቢፈረድበት ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው አስገዳጁ መድን የመጣው። እንግሊዝ በ1930 እ.ኤ.አ. ደንግጋዋለች። በአገራችን በ2000 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 559 ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ሞተር ብስክሌትም ሆነ ባጃጅ፣ አይሱዙም ሆነ አውቶቡስ ይህን መድን ሳይዝ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክትም የዚሁ ማረጋገጫ ነው።

የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ተወስኖ ነበር። ኋላ ላይ ጣሪያው ከፍ ብሏልና የዛሬውን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ይህ መድን የባለመኪናውን የራሱን መኪና የማያሠራ መሆኑን ነው። ለዚያ የሚሆነው ሙሉ ዋስትና የተለየ ውል ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የተገባው መንገድ ዳር ለሚሄደው ለእኔና ለእናንተ ልጅ ነው።

አዋጁ ሌሎች ሁለት ቁም ነገሮችንም ይዟል። አንደኛ፣ በመኪና የተጎዳ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ተቋሙ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ በሕጉ እስከተወሰነው መጠን አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ሁለተኛ፣ ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ሳይኖረው ቢገኝ፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። «ገጭው ጠፋ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

እንግዲህ አደጋ ሲደርስ የሚደረገውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ተጎጂውን ወደ ሕክምና ማድረስ ይቀድማል። ወዲያው ለፖሊስ ማስታወቅ፣ የመኪናውን ሰሌዳና መድን የገባበትን ድርጅት ስም መጻፍ ይከተላል። የሕክምና ማስረጃና የፖሊስ ሪፖርት በእጅ ይያዝ፤ ሞት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ለካሳ ክስ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነውና ቀን አይባክን። ሽማግሌዎቻችንም ደሙን ያስታርቁ፤ የካሳውን መብት የሚያስቀር ወረቀት ግን አያስፈርሙ።

አሁን ደግሞ ብዙ ወንድሞች ወደሚጠይቁን እንለፍ፦ «መድን ሐራም አይደለምን?» በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. የንግድ መድን ውል ከፍተኛ ገረር ያለበት በመሆኑ እንደማይፈቀድ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመው መድን ግን አማራጭ እንደሆነ ወስኗል። በሱዳን የመጀመሪያው የተካፉል ድርጅት በ1979 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ስለዚህ ተካፉል የሚያገኝ ባለመኪና እርሱን ይምረጥ። የማያገኘውን በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች ሕግ ያስገደደውን ያህል ብቻ ቢከፍል ወንጀል እንደሌለበት ይናገራሉ። ዝርዝሩን በየአካባቢው ላሉ ዑለማዎች እንተዋለን።

ሐሳቡ ግን ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ በስህተት ሰው የገደለ ለሟች ቤተሰብ ዲያ እንዲሰጥ ታዟል። ይህን ዲያ ገዳዩ ብቻውን አይሸከመውም፤ ዓቂላው፣ ማለትም የአባት ዘመዶቹ፣ ይጋሩታል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በዘመናቸው በዲዋን መዝገብ ላይ የሰፈሩ ወታደሮች የእርስ በርሳቸውን ዲያ እንዲጋሩ አድርገዋል። የአንዱ ስህተት አንዱን ቤት ብቻ እንዳያፈርስ፣ የተጎጂውም ወላጅ አልባ ልጅ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። የተገጨው ሰው ደግሞ ውል አልገባም፤ የሚቀበለው የደረሰበትን ጉዳት ካሳ ነው። «ሐራም ይሆናል» በሚል ጥርጣሬ ብቻ የየቲምን ሐቅ ሳይጠይቁ ማስቀረት ግን በደል እንዳይሆን ያስፈራል።

ለሹፌሮቻችንም አንድ ቃል አለን። ያው አንቀጽ ከዲያው ጋር ከፋራ አዟል፤ ባሪያ ነጻ የሚያወጣ ያላገኘ ሁለት ወር ተከታታይ ይጾማል። ካሳውን የመድን ድርጅት ይከፍልላችሁ ይሆናል፤ ያንን ጾም ግን ማንም ድርጅት አይጾምላችሁም። ስለዚህ መድን አለኝ ብላችሁ ነዳጁን አትርገጡ።

አላህ መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን፤ የየቲሞችን ሐቅ የምናስከብር ያድርገን። አሚን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።